የሀዲስ ሐዘንና የዶክተር ብሌን መድኃኒት

ሞላሌ ውስጥ ሀዲስን የማያውቅ ሰው ቢኖር ያ ሰው እንግዳ ነው። በገበያ ቀን ማለዳ ከቤታቸው ደጃፍ ካለችው የድንጋይ መደብ ላይ ጉብ ይልና በግና ገብስ ይዞ ወደ ገበያ የሚያልፈውን ሁሉ፣ ሽማግሌ ሕፃን ሳይል፣ "በግሽ ደኅና ናት?" እያለ ይጠይቃል። ወንዱንም ሴቱንም "ሽ" ነው የሚለው። በግ የሌለውንም ይጠይቃል። የወረዳው ሠራተኛ ፋይሉን በብብቱ እንደ ሸጎጠ ቆም ብሎ፣ "ደኅና ናት ሀዲስ፤ ትናንት ወለደች" ይለዋል። ሀዲስ ያጨበጭባል። ሰውየው እየሳቀ ወደ ቢሮው ይሄዳል።

ዕድሜው ሠላሳን አልፏል። ሲወለድ ምጡ ጸንቶ እሱም እናቱ ወይዘሮ እሌኒም የተረፉት በእግዜር ቸርነት ነው። እኩዮቹ ሲሯሯጡ እሱ ገና መቆም ይለማመድ ነበር። ንግግሩም ከጥቂት ቃላት አላለፈም። ትምህርት ቤት ገብቶ ነበር፤ ግን ደወሉ በተደወለ ቁጥር እየደነገጠ ወደ ቤቱ ስለሚሮጥ እናቱ አስቀሩት። በምትኩ ሥራ አስተማሩት። ወይዘሮ እሌኒ የሚተዳደሩት በበግ ጠጉር ነው፤ ጠጉሩን አጥበው ይፈትሉታል፣ ጎረቤታቸው ወንዳፈራሁ ደግሞ ባና የሚባለውን ወፍራም ብርድ ልብስ አድርጎ ይሸምነዋል። ከመፈተሉ በፊት ግን ጠጉሩ በደጋን ተነድፎ መፍታታት አለበት። ደጋኑን ለሀዲስ ሰጡት። ጅማቱን ስንቴ በጠሰው! ኋላ ግን እጁ ለመደና፣ የሱ ደጋን ድም ድም ሲል ከመንገድ ማዶ ይሰማ ጀመር። አብሮ ያንጎራጉራል፤ ዜማው ምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

ታላቅ እኅቱ ለተሥላሴ ባሏ ከሞተ ወዲህ ወደ እናቷ ቤት ተመልሳ አብራቸው ትኖራለች። ልጅ አልወለደችም። ሀዲስ "እታለም" ይላታል፤ እሷ ደግሞ ሲያስቃት "ሀዲስዬ"፣ ሲያበሳጫት "አንተ ሰውዬ" ትለዋለች። ሦስቱ በዚያች ቤት ውስጥ ተሳስበው፣ አልፎ አልፎም ተኮራርፈው ይኖሩ ነበር።

ወይዘሮ እሌኒ የሞቱት በጥቅምት፣ ገብሱ ለአጨዳ ሲደርስ ነው። ሕመማቸው አጭር ነበር። ዘመድ ተሰበሰበ፣ ድንኳን ተተከለ፣ ወዲያውም "ይህን ልጅ ምን እናድርገው?" የሚል ነገር ተነሣ። "ምን ይገባዋል ብላችሁ ነው፤ እንዲያው ይደነግጣል" አለ አንዱ። "አይየው፤ ይቅርበት" አለ ሌላው። ሁሉም ያሉት አዝነውለት ነው። ጓሳ አጠገብ የምትኖረው አክስታቸው በፈረስ አፈናጥጣ ወሰደችው። ሲመለስ ድንኳኑ ተነሥቷል፣ ቤቱ ጭር ብሏል።

"እምዬስ?" አለ ገና ከደጅ።

ለተሥላሴ ዓይኗ አብጦ ነበር። ፊቷን አዙራ፣ "ጠበል ሄዳለች" አለችው።

"መቼ ትመጣለች?"

"ሲሻላት።"

ሀዲስ አመነ። ከእኅቱ ቃል የሚጠረጥረው ነገር ኖሮ አያውቅም። ከዚያን ቀን ጀምሮ መደቡ ላይ ሲቀመጥ የሚያየው ሰውን ሳይሆን መንገዱን ሆነ። ማታ ማታ "ነገ?" ይላል። "ነገ እንጃ" ትለዋለች።

ጥር ሲወጣ መጠየቁን ተወ። ለተሥላሴ ረሳ ብላ ደስ አላት። አልረሳም ነበር። መጀመሪያ ቁርሱን ነካ እያደረገ ይተወው ጀመር፣ ቀጥሎ ምሳውንም። ዶሮ ሳይጮኽ ይነቃና ግድግዳውን ተደግፎ ይቀመጣል። ደጋኑን ስትሰጠው ይዞት ይቆያል እንጂ አይነድፍበትም፤ አንድ ቀን ብታባብለው ወረወረው። ክንዱን መንከስ ጀመረ፤ ቁስሉ ሳይድን በላዩ ላይ ይነክሰዋል። የገበያው ሰው ራሱ እየቆመ፣ "ሀዲስ፣ በጌ እኮ ደኅና ናት" ይለዋል። እሱ ፊቱን ያዞራል።

"ድሮስ ቢሆን እንዲያው አይደል?" አሉ ሰዎች። "እንዲህ ያለ ልጅ ዕድሜው ሲገፋ ይብስበታል።"

ለተሥላሴ ልቧ አልቀበል አለ። ወንድሟን ታውቀዋለች፤ ይኼ እሱ አይደለም። ጤና ጣቢያ ወሰደችው፤ የትል መድኃኒትና ቫይታሚን ሰጡት። ጠበልም ወሰደችው። እዚያ ሲደርሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። ተጠማቂው መሀል እየገባ፣ ከእያንዳንዷ ሴት ፊት እየቆመ፣ ነጠላዋን በጣቱ ገለጥ አድርጎ ያይ ጀመር። ሴቶቹ ተቆጡ። ለተሥላሴ አፍራ ይቅርታ እየጠየቀች ጎትታ አወጣችው። ከዚያ በኋላ ጭራሽ ባሰበት።

በመጋቢት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አንድ ወሬ ይዛላት መጣች፤ መሐል ሜዳ ሆስፒታል በወር በወሩ ከደብረ ብርሃን የምትመጣ የአእምሮ ሐኪም አለች አለቻት። ሚኒባስ ላይ ማውጣቱ ራሱ ቀላል አልነበረም። በመጨረሻ ለተሥላሴ ነጠላዋን አውልቃ ራሱ ላይ ጣል አደረገችለትና፣ ከሥሩ እጇን እንደ ያዘ ገባ።

ሐኪሟ ዶክተር ብሌን ትባላለች፤ ወጣት ናት። ሀዲስ ክፍሉ ውስጥ እንደ ገባ ጥግ ሄዶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ለተሥላሴ እንደ ልማዷ ስለ እሱ ልታስረዳ አፏን ስትከፍት፣ ብሌን ከወንበሯ ተነሥታ መጣችና ከፊቱ ቁጢጥ አለች።

"ሀዲስ፣ እኔ ብሌን ነኝ። ከሩቅ ነው የመጣኸው፤ ደከመህ?"

ክንዱን ከአፉ አውጥቶ አያት። ብሌን ትንሽ አብራው ቆየችና ወደ ለተሥላሴ ዞረች።

"እትዬ፣ ዓምና ይኼን ጊዜ ሀዲስ ምን ዓይነት ሰው ነበር? ምን ያስቀው ነበር?"

ምን እንደሆነ፣ ከመቼ ጀምሮ እንዲህ እንደሆነ የጠየቃት ብዙ ነው። ምን ያስቀው እንደነበር የጠየቃት አልነበረም። ለተሥላሴ ስለ በጎቹ ሰላምታ፣ ስለ ደጋኑ፣ ስለዚያ ማንም ስለማያውቀው ዜማ ማውራት ጀመረች፤ እያወራች እንባዋ ቀደማት።

"እንግዲህ እርስዎ ራስዎ ነገሩኝ" አለች ብሌን። "ይኼ ተፈጥሮው አይደለም። ሀዲስ ታሟል። ድባቴ ይባላል። እኔንም እርስዎንም ሊይዘን የሚችል ሕመም ነው።"

"እሱን የመሰለ ሰውም ይይዘዋል?"

"ይይዘዋል። ግን ከፋኝ ብሎ አይነግርዎትም። እንቅልፍ ሲያጣ፣ ምግብ ሲተው፣ ራሱን ሲጎዳ 'ድሮም እንዲህ ነው' ይባልና ይታለፋል። እኛ ሐኪሞችም ብዙ ዘመን እንደዚያ እያልን አሳልፈናል።"

"መድኃኒትስ አለው?"

"ለድባቴ መድኃኒት አለ፤ ከተገኘም ቆይቷል። ግን አልደብቅዎትም። ያ መድኃኒት የተፈተነው ስሜታቸውን በቃላቸው መናገር በሚችሉ ሰዎች ላይ ነው። እንደ ሀዲስ ያሉትን ከጥናቱ ያስቀሯቸዋል፤ ለመጠየቅ ያስቸግራሉ እየተባለ። በእነሱ ላይ የተሠራው ጥናት ጥቂት ነው፤ ሰዎቹም ጥቂት። ምን ያህል እንደሚጠቅማቸው በእርግጠኝነት የሚነግርዎት ሰው የለም። እኔ ትንሽ ጥናት ጀምሬአለሁ። ለፈቀዱት በትንሹ እጀምርላቸውና እንቅልፋቸውን፣ ምግባቸውን፣ ሥራቸውን ከቤተሰባቸው ጋር ሆኜ እከታተላለሁ። ከጎዳቸው እናቆማለን።"

"እሺ ብያለሁ" አለች ለተሥላሴ።

"እርስዎ እሺ ብለዋል። ሀዲስስ?"

ለተሥላሴ የቀለደችባት መሰላት። "እሱ ምኑን ያውቀዋል?"

"እንጠይቀዋ።"

ብሌን በትልልቁ የተሣሉ ሥዕሎች አወጣች። አንዱ ላይ ሰው ተኝቷል። አንዱ ላይ ሰው ኪኒን በውኃ ይውጣል። አንዱ ላይ ሆዱን ይዞ ፊቱን ያኮማትራል። እያንዳንዱን እየጠቆመች በአጭር በአጭሩ ነገረችው። ሀዲስ ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ የኪኒኑን ሥዕል በእጁ ጀርባ ገፋው፤ ወለሉ ላይ ተንሸራቶ ከጠረጴዛው ሥር ገባ።

"አልፈለገም" አለች ብሌን። "ዛሬ አንሰጠውም።"

የለተሥላሴ ትዕግሥት አለቀ፤ አንቱታውም ጠፋት። "ከሞላሌ ድረስ በስንት መከራ ያመጣሁት ሥዕል ልታሳዪው ነው? ስጪኝ ብቻ! ወጡ ውስጥ ፈጭቼ እጨምርለታለሁ።"

"አይሆንም እትዬ" አለች ብሌን ሳትቆጣ። "አንድ ቀን ከነቃ ከእጅዎ እህልም አይቀበል። እሱ በዚህ ዓለም የሚያምነው እርስዎን ነው። ከባሰበት እዚሁ አስተኝተን እናየዋለን፤ ስልኬንም እሰጥዎታለሁ። አሁን አንድ ነገር ይንገሩኝ። ይኼ ሁሉ የጀመረው መቼ ነው?"

"እናታችን ከሞተች ወዲህ።"

"ለቅሶው ላይ ነበር?"

"አልነበረም። አክስታችን ዘንድ ልከነው ነበር።"

"መርዶውንስ ማን ነገረው?"

ለተሥላሴ የነጠላዋን ጫፍ ስታፍተለትል ቆየች። "ጠበል ሄዳለች ነው ያልነው" አለች በመጨረሻ። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ያ የጠበሉ ቦታ ፊቷ ድቅን አለባት። ሀዲስ በየሴቱ ነጠላ ሥር ይፈልግ የነበረው እናቱን ነበር።

በሚኒባሱ ተመልሰው ሞላሌ እንደ ወረዱ ሀዲስን ወንዳፈራሁ ዘንድ ትታ የንስሐ አባታቸው ወደ አባ ገብረ አማኑኤል ቤት ገሰገሰች። አባ ሰምተዋት ሲያበቁ መቋሚያቸውን ይዘው አንገታቸውን ደፉ። "እኔም አይየው ካሉት አንዱ ነኝ" አሉ። "ሰው መሆኑን ረስተን ኖሯል። እናረዳዋለን፤ እንደ ማንም ሰው፣ በወጉ።"

መርዶ የሚነገረው ማለዳ ነው። ገና ጎሕ ሲቀድ አባ ገብረ አማኑኤል፣ ወንዳፈራሁና ጎረቤቱ ሁሉ ጋቢውን ተከናንቦ በውርጩ መጣ። ሀዲስ እንደ ሁልጊዜው ነቅቶ ግድግዳውን ተደግፏል። ያን ሁሉ ሰው ሲያይ ከተቀመጠበት ብድግ አለ። ለወራት ያልታየ ብርሃን ፊቱ ላይ መጣ።

"እምዬ መጣች?"

በሩ ላይ ከቆሙት ሴቶች አንዷ አፏን በነጠላዋ ያዘች። አባ እጁን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡት።

"አልመጣችም ልጄ። ዋሽተንሃል። ጠበል አልሄደችም። እናትህ እሌኒ ሞታለች፤ ቀብረናታል።"

"ሞታለች" አለ ሀዲስ። ቃሉን ያውቀዋል፤ በግ ሲሞት አይቷል። "አትነሣም?"

አባ "በትንሣኤ" ሊሉ አፋቸው ላይ ደረሰ። ፋሲካ ሩቅ አልነበረም፤ ሀዲስ ደግሞ የተነገረውን የሚጠብቅ ሰው ነው። ቃሉን ዋጡት። "ወደዚህ ቤት አትመለስም ልጄ" አሉት።

ሀዲስ የእያንዳንዱን ሰው ፊት ተራ በተራ አየ፤ እኅቱ ጋ ሲደርስ ቆመ። ለተሥላሴ ዓይኗን አላሸሸችም። "እውነት ነው ሀዲስዬ። እኔ ነኝ የዋሸሁህ" አለችው። ያኔ ጮኸ። ሰው እንዲህ ያለ ድምፅ ከእሱ ሰምቶ አያውቅም። ተቃቀፉና አለቀሱ፤ ሴቶቹም እንደ አዲስ ለቅሶ አለቀሱ። ለተሥላሴ በጥቅምቱ ለቅሶ አልቅሳ ያልወጣላት ሐዘን የወጣላት ዛሬ ነው።

ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ወስደው መቃብሩን አሳዩት። ሀዲስ ድንጋዩ ላይ ጉንጩን አድርጎ ተኛ። ማንም አላስነሣው። ፀሐይ ሞቅ ስትል በራሱ ተነሣና ተከተላቸው። ቤት ሲደርሱ በሐዘንተኛ ወንበር አስቀመጡት። ሰው እየገባ፣ እጁን እየጨበጠ፣ "እግዚአብሔር ያጽናህ" አለው። ሀዲስ ለእያንዳንዱ ጎንበስ አለ። እንዲህ ተደርጎለት አያውቅም።

ለተሥላሴ ነገሩ በዚህ የሚያበቃ መስሏት ነበር። እውነትም ክንዱን መንከሱ ቀነሰ፤ ለአላፊ አግዳሚውም "እምዬ ሞታለች" እያለ መንገር ጀመረ። እንቅልፉ ግን አልተመለሰም። እህልም አልወስድ አለው፤ ሱሪው በወገቡ ላይ እየሰፋ ሄደ።

በሚያዝያ እንደገና መሐል ሜዳ ሄዱ። ብሌን የሆነውን ሁሉ ሰማች፤ ሀዲስንም "እግዜር ያጽናህ" አለችው። ያንኑ ሥዕል አምጥታ ፊቱ ዘረጋች። በዚህ ጊዜ የተኛውን ሰው ሥዕል አነሣና ደረቱ ላይ ለጠፈው።

"መተኛት ትፈልጋለህ?"

አዎን በሚል ራሱን ነቀነቀ።

"ይኼ ኪኒን ይረዳህ ይሆናል። ሆድህን ሊያምህም ይችላል። ካልፈለግህ እምቢ በል፤ የሚቆጣህ የለም።"

ሀዲስ ወደ እኅቱ ዞረ። ለተሥላሴ ፊቷ እሺ በል ሊለው ምንም አልቀረው፤ እንደ ምንም ራሷን ገታች። ሲያስብ ቆየና፣ "እሺ" አለ። ቀጥሎም፣ "እታለምም ትዋጥ።"

ብሌን ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። "እታለም አልታመመችም፤ ግን ከአንተ ጋር ውኃ ትጠጣለች፤ ይሁን?" ተስማሙ። ከዚያን ቀን ወዲህ ጠዋት ጠዋት እሱ በኪኒን፣ እሷ ባዶውን፣ ፊት ለፊት ቆመው ውኃ ይጠጣሉ። ካልጨረሰች አይላቀቃትም።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ክፉ ነበሩ። አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተው፤ ከደጅ እስከ ጓዳ ሲመላለስ ይውላል፣ ሆዱን ይዞ ያቃስታል። ለተሥላሴ ፈርታ ደወለች። ብሌን፣ "ደግ አደረጉ፤ ለአንዳንዶቹ ትንሹም ይበዛባቸዋል" አለችና ቀን እየዘለለች እንድትሰጠው ነገረቻት። በማግሥቱም ደወለች፣ በሠልሱም። መቁነጥነጡ እየበረደ ሄደ።

የተሻለው በአንድ ማለዳ አይደለም። ለተሥላሴ አንድ ቀን ተነሥታ እሳት ስታያይዝ አንድ ነገር የጎደለ መሰላት፤ ዞር ብትል ሀዲስ ተኝቷል። እንዳትቀሰቅሰው ማገዶውን በእጇ ቀስ አድርጋ ሰበረች። በሌላ ቀን ገንፎውን ጨርሶ ሳህኑን ወደ እሷ ገፋ። ደግሞ ይመለስበታል፤ ድፍን ሳምንት ግድግዳ ሲያይ ይከርማል። ክረምቱ ገብቶ ጉሙ ከቤት ደጃፍ አልነሣ ባለበት ሰሞን ግን ወንዳፈራሁ ከሽመና ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ጆሮውን አቀና። "ለተሥላሴ! ለተሥላሴ!" እያለ በጭቃው ውስጥ እየሮጠ መጣ። ደጋኑ ድም ይላል። ሁለቱ በሩ ላይ ቆመው ሰሙት። ዜማ አልነበረውም፤ ደጋኑ ብቻ።

በመስከረም ለክትትል ሲሄዱ ለተሥላሴ ለብሌን ጥሩ አድርጋ የፈተለችውን ክር ይዛላት ሄደች። ሀዲስ ውጭ ፀሐይ ሲሞቅ፣ በሆዷ የያዘችውን ጠየቀቻት። "እስቲ ንገሪኝ ልጄ። ያዳነው መድኃኒቱ ነው?"

"አላውቅም እትዬ" አለች ብሌን።

"እንዴት አታውቂም? አጥኚዋ አንቺ አይደለሽ?"

"ስለማጠና ነው አላውቅም የምለው። መርዶው ይሆናል። መድኃኒቱ ይሆናል። ጊዜውም ሊሆን ይችላል፤ ወይም ሁሉም ተባብረው። ከሌሎቹ ደግሞ የተሻላቸው አሉ፤ ምንም ያልተለወጡ አሉ። አንዱማ ሲብስበት ፈጥነን አቆምንለት። ከዚህ ተነሥቼ ይሠራል ብል ውሸት ነው፤ አይሠራም ብልም ውሸት ነው።"

"ታዲያ ምን ብለሽ ልትጽፊ?"

"የሆነውን። ሀዲስ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት መርዶ እንደ ተነገረው፣ በዚህም ምክንያት የቱ እንደ ረዳው መለየት እንዳልቻልኩ። ጥናቱን ያበላሽብኛል፤ ቢሆንም እጽፈዋለሁ።" ቀጥላም፣ "ሌላም እጽፋለሁ። ኪኒን ከመስጠታችን በፊት ሰውየው ምን እንደ ደረሰበት እንድንጠይቅ።"

ለተሥላሴ ቁርጥ ያለ መልስ ፈልጋ ነበር የመጣችው። ሳታገኝ ብትመለስም ቅር አላላትም፤ እንዲያውም ልጅቱን ከበፊቱ ይልቅ አመነቻት። ኪኒኑን እስከ ፋሲካ ድረስ እንዲቀጥልና ከዚያ በትንሽ በትንሹ ቀንሰው እንዲያዩት ተስማሙ። ሀዲስም ተጠይቆ "እሺ" አለ።

ሙሉ በሙሉ የበፊቱ ሀዲስ አልሆነም። ቶሎ ይደክመዋል። የእናቱ ሙት ዓመት በወጣ ሰሞን መቃብሩ ላይ ውሎ ሲመጣ ከማንም ጋር አይነጋገርም። ለተሥላሴ አታስቸግረውም፤ ሐዘኑ የራሱ ነው ትላለች።

በኅዳር አያ ወዳጆ ሞቱ፤ ከመንገድ ማዶ ያሉ፣ ዕድሜ የጠገቡ ሽማግሌ ነበሩ። ለተሥላሴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለቅሶ ልትደርስ ስትወጣ፣ ሀዲስን እንዴት እንደምታደርገው ሳትወስን ደጃፉ ላይ አገኘችው። እግሩን ታጥቧል፤ ጋቢውን እንደሷ አዘቅዝቆ ለብሷል፤ ግማሹ መሬት ይጎተታል።

"ልትሄድ ነው?"

"እሄዳለሁ።"

ጋቢውን አስተካከለችለት። እሱ ፊት ፊት እየሄደ ድንኳኑ ውስጥ ገባ። ሰው ዞር ዞር አለ፤ አንድም "ምን ያደርጋል እዚህ" ያለ አልነበረም። አባ ገብረ አማኑኤል ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁለት። ሀዲስ ግን አልፏቸው ሄደና ከሟቹ ሚስት አጠገብ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። ምንም አልተናገረም። አሮጊቷ ሲያለቅሱ ያያቸዋል፤ ዝም ሲሉ እሱም ወደ መሬት ያያል። ከሰዓት በኋላ ደክሟቸው ትከሻው ላይ ደገፍ እንዳሉ እንቅልፍ ወሰዳቸው። እንዳይረብሻቸው ፈርቶ ነው መሰል፣ እስኪነቁ ድረስ ንቅንቅ ሳይል ተቀመጠ።

ወደ ማታ ቤት ሲመለሱ ለተሥላሴ ክንዱን ያዘችው። "ሀዲስዬ፣ ምን ሆነህ ነው ዝም ያልከው? አዘንክ?"

"አዘንኩ" አለ ሀዲስ። ጥቂት እንደ ሄዱም፣ "እራት ምንድነው?" ብሎ ጠየቃት።